ግማሿ በዴልማር መሬት ላይ

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሲል፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች ካፖርታቸውን እየለበሱ ይሰለፋሉ፤ ትዊላ ራፕ እርሳስ መቅረጽ ትጀምራለች። ክፍሉ ሃያ ሦስት ልጆች አሉት፤ ሃያ ሁለቱ የሚሄዱት ሃይማኖት ለመማር ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሃይማኖት ማስተማር ክልክል ስለሆነ፣ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት፣ በሌላ በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት፣ ተስማምተው አንዲት አሮጌ ተጎታች ቤት ገዙና ከግቢው ዳር አቆሟት። ወላጁ የፈቃድ ወረቀት የፈረመለት ልጅ ለሠላሳ ደቂቃ ይሰናበትና እዚያ ገብቶ ስለ ኖኅ፣ ስለ ዳንኤል፣ ስለ ዮናስ ይማራል። ያልተፈረመለት ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ያልተፈረመላት ደግሞ ትዊላ ብቻ ነበረች።

መቅረቱ ብቻውን ቢሆን እሰየው። ደንቡ ሌላም ጣጣ ነበረው፦ የሄዱት ልጆች ትምህርት እንዳያመልጣቸው ሲባል፣ ለቀሩት አዲስ ነገር ማስተማር አይፈቀድም። ስለዚህ የክፍሉ አስተማሪ ወይዘሮ ፌንስለር፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት፣ አንዲት ልጅ ፊት ለፊታቸው ተጎልታ እያየቻቸው ምንም ነገር ላለማስተማር ሲጠነቀቁ ያልባቸው ነበር። አንድ ሐሙስ ትዊላ ጨረቃ ቀን ቀን ለምን እንደምትታይ ብትጠይቃቸው፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አዩ፣ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። "ነገ ጠይቂኝ" አሉ። ትዊላም ወደ እርሳሷ ተመለሰች። ከመስከረም እስከ መጋቢት የክፍሉ እርሳስ ሁሉ በእሷ እጅ እየተቀረጸ የጣት ቁመት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ሳቁ ነው። የተጎታቿ አስተማሪ ሚስ ላቮን ግዙፍ ሴት ነበረች፤ ስትስቅ ደግሞ ከእግር ጥፍሯ ጀምራ ነው። እሷ ስትስቅ ተጎታቿ በጎማዋ ላይ ስትናጥ ከክፍሉ መስኮት ይታያል። ልጆቹ ስምንት ሰዓት ላይ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ሆዳቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ትዊላ የወንበር ጓደኛዋን ጃኒንን ምን እንደተባለ ስትጠይቃት፣ ጃኒን ልታስረዳ ትጀምርና በራሷ ሳቅ ታንቃ ትተዋለች። "እዚያ ከሌለሽ አያስቅም" ትላለች መጨረሻ ላይ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ግን ይኼ ቃል ትዊላን እስከ እሑድ ያማታል።

የፈቃድ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ወደ ቤት ወስዳዋለች። እናቷ ረጅም መንገድ የጭነት መኪና ስለምትነዳ፣ ፈራሚው አያቷ ዴልማር ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት የትራክተሩን ዘይት መለኪያ ጠረገበት። ሁለተኛውን ምድጃ ለኮሰበት። ሦስተኛውን አጣጥፎ የሚነቃነቀውን የወጥ ቤት ጠረጴዛ እግር ደገፈበትና "እነሆ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመችኝ" አለ። ትዊላ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እራቷን በላች፤ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ መቆሙ ራሱ አናደዳት።

ሰውዬው ከመሬት ተነስቶ አልነበረም ያኮረፈው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ አርዲት ስትሞት፣ ቀባሪው ሰባኪ ባለፈው ሳምንት የተቀበረችውን የሌላ ሴት ወረቀት ይዞ ቆመ። የአርዲትን ስም ብቻ እየከተተ ያንን አነበበ። ዝምተኛ ነበረች፣ ጽጌረዳ ትወድ ነበር፣ የፖም ኬኳ በአገር የታወቀ ነበር አለ። አርዲት ድምፅዋ ሦስት እርሻ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ነበረች፤ ኬክ ጋግራ አታውቅም፤ ጽጌረዳ ለምን እንደተፈጠረ አይገባትም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው ይህን ያውቃል። ያ ሁሉ ሰው በይሉኝታ ተሸብቦ፣ ጫማ ጫማውን እያየ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይነሳ ንባቡ አለቀ። ዴልማር የተናደደው በሰባኪው አልነበረም፤ ሰባኪማ ይሳሳታል። በዝምታው ነበር የተናደደው። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ "የእኔን ሚስት ትታችሁ ሌላ ሴት ቀበራችሁ" አለ፤ ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጠም። ትዊላ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ጫማቸውን ካዩት አንዷም እሷ ነበረች።

እንግዲህ በዚያ መጋቢት የትምህርት ቦርዱ ግቢውን እንደገና ሊያጥር አሰበና ቀያሽ አስመጣ። ቀያሹ ከግቢው ማዕዘን ተነስቶ ቢጫ ክሩን እየዘረጋ ሲመጣ ሲመጣ፣ ክሩ ሄዶ ሄዶ የተጎታቿን ሆድ መታ። እንደገና ለካ። ያው ነው። በሯና የመጎተቻ ብረቷ ያለበት የፊት ግማሿ በትምህርት ቤቱ መሬት ላይ ናት፤ የኋላ ግማሿ ደግሞ በዴልማር ራፕ የአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅ ኖኅ ሕግ ሲጥስ፣ ዳንኤል ደግሞ ያለ ኪራይ የሰው እርሻ ላይ ሲኖር ነበር ማለት ነው።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ስታይቨር አንድ ወረቀት ማያያዣ ለሚበቃው ሁለት የሚያደርግ ሰው ነበር። ዜናውን ሲሰማ ወንበር ፈለገ። ረቡዕ ማታ እሱና ሚስ ላቮን ተያይዘው ወደ ዴልማር ቤት ሄዱ፤ ትዊላ ወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን ቀስራ ሰማች። ዳይሬክተሩ ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ አስረዳ፤ ተጎታቿ ወይ እዚህ ወይ እዚያ መሆን አለባት፤ እዚያ መሆን ስለማትችል፣ ሚስተር ራፕ በጎ ፈቃዳቸው ሆኖ ሙሉ በሙሉ ወደ መሬታቸው ትሳብ ቢሉ? ዴልማር አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ዐሥራ አንድ ዓመት የቆመው ግማሽ ይቁም፣ ጎረቤት ነውና አላፈናቅልም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ስንዝር አልጨምርም አለ። ሚስ ላቮን ለግማሹ አመስግና፣ ነገሩ አስቋት፣ እየሳቀች ወጣች። ትዊላ አጋጣሚው ሳያልፍ "አያቴ፣ እሷ ግማሽ ካገኘች እኔስ?" ብላ ብትጠይቅ፣ ዴልማር መብራቱን አጥፍቶ ሊተኛ ሄደ። የእሷ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።

በነጋታው ሐሙስ ነበር። ሚስ ላቮን ሌሊቱን ስታስብ አድራ መላ አገኘች፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መላው ጤነኛ አልነበረም። በተጎታቿ ወለል ላይ፣ ቀያሹ ክሩን ባሳለፈበት ልክ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ከመስመሩ ወዲህ ትምህርት ቤት፣ ከመስመሩ ወዲያ ዴልማር። ልጆቹ በሩን አልፈው ሲገቡ አንድ በአንድ መስመሩን እያሻገረች፣ ሃያ ሁለቱንም ከኋላ ግማሽ አጨቀቻቸው፤ እሷም ሄዳ መካከላቸው ቆመች። ፊተኛው ግማሽ ባዶ ቀረ። ሕግ ተከበረ።

ምስኪኗ ያላሰበችው ነገር ቢኖር ተጎታች ቤት ሁለት ጎማ ብቻ እንዳላት ነው፤ ሁለቱም ከመሃሏ ናቸው። ከኋላ ሆነው ይደግፏት የነበሩትን ብሎኬቶች ደግሞ ቀያሹ ክሩን በሆዷ ሥር ለማሳለፍ ሲል ነቅሎ፣ መመለሱን ረስቶ ሄዷል።

ትዊላ ዘጠነኛ እርሳሷ ላይ ነበረች። በመስኮቱ ስታይ የተጎታቿ የመጎተቻ ብረት ከመሬት ላይ በዝግታ ተነሳ። ፈረስ ከተኛበት ሲነሣ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ ፊቷ ሰማይ አየ፤ የኋላ መቀመጫዋም ረግረጋማው ጭቃ ውስጥ ዘፍ አለ። ከዚያ የሃያ ሁለት ልጅ ጩኸት፣ ከጩኸቱ ሥር ደግሞ የሚስ ላቮን ሳቅ ተነሳ፤ ተጎታቿም በሳቁ ልክ ጭቃው ውስጥ እየተነቃነቀች የበለጠ መስጠም ያዘች።

"ወይዘሮ ፌንስለር፣ ለምንድን ነው ፊቷ የተነሳው?" አለች ትዊላ።

ወይዘሮ ፌንስለር ከንፈራቸውን ነከሱ። ስለ ሚዛን፣ ስለ ክብደት፣ ስለ መደገፊያ ነጥብ የሚያስተምሩት ትምህርት በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ምሳሌ መጥቶለት አያውቅም። "ሐሙስ ነው" አሉ እያቃሰቱ። "ነገ ጠይቂኝ።" ወዲያው ግን ሹራባቸውን አነሱና፣ ግቢው የትምህርት ቤቱ እስከሆነ ድረስ ግቢው ውስጥ ቆሞ ማየት ማንም እንደማይከለክል አሰላስለው ትዊላን ይዘው ወጡ።

ዳይሬክተሩ ቀድሟቸው ደርሶ ቢጫው ክር አጠገብ ይንቆራጠጣል። በሩ ከመሬት ርቆ በደረቱ ልክ ተንጠልጥሏል። ሚስ ላቮን በመስኮት አንገቷን አውጥታ ማንም እንዳልተጎዳ፣ ኮርዊን የሚባለው ልጅ ብቻ ጃኒን ላይ እንደተቀመጠና ጃኒን እንደነከሰችው ተናገረች። ዳይሬክተሩ ልጆቹ ወደ ፊት ይምጡ፣ ሲመጡ ተጎታቿ ትወርዳለች አለ። ሚስ ላቮን ግን ፊት ማለት ትምህርት ቤት መሆኑን አስታወሰችው፤ እሷ ደግሞ ዮናስን ዓሣው ሆድ ውስጥ አስገብታ ገና አላወጣችውም። ዳይሬክተሩ ትምህርቱን አቁሚና ይምጡ አላት። ዮናስን እዚያ ትቼ? አለች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አንድ ላይ "አይተወም!" ብለው ጮኹ፤ ተጎታቿም ሌላ ስንዝር ሰመጠች።

ትዊላ ያን ጊዜ ያደረገችውን ያደረገችው አስባ አልነበረም። ከፊቷ አንድ ብረት በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ብረቱ ያለው ከክሩ ወዲህ ነው፣ በትምህርት ቤት መሬት ላይ። ያለ ወረቀት የተጎታቿን አካል መንካት የምትችልበት ቦታ ቢኖር ይኼ ብቻ ነው። ዘለለችና ያዘችው፤ እግሯን አንሥታ ተንጠለጠለች። ሠላሳ ኪሎ የማትሞላ ልጅ ተንጠልጥላ ተጎታች አትወርድም፤ እሷ ግን ስትወዛወዝ ከውስጥ ያሉት ተሰማቸው መሰል ከመስኮቱ ጃኒን ብቅ አለችና "ትዊላ ናት፤ ትዊላ ይዛናለች" አለች። ሃያ ሁለት ልጅ ስሟን እየጠራ ያጨበጭብ ጀመር። ከመስከረም ጀምሮ በዚያ ሰዓት ስሟ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ደስታው ከሆዷ ተነስቶ እጇን ሊያስለቅቃት ምንም አልቀረውም።

ዴልማር ከጎተራው ሆኖ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቷል። የሰው ማሳ ላይ ቤት ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም፤ ያውም የልጅ ልጁ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥላ። ትራክተሩን አስነሣና፣ የፊት ማንሻውን ከፍ አድርጎ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ። ከማንም ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠም። ሰንሰለቱን በተጎታቿ የኋላ መከላከያ ብረት ሥር አሳለፈና ከማንሻው ጋር አሰረ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀረበና ሁሉም ሰው ወለሉ ላይ እንዲቀመጥ፣ የሚስቅም ካለ ለአንድ ደቂቃ እንዲያቆም ነገረ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ማንም ሊፈጽመው አልቻለም።

"ወደ ፊት ሊገፏት ነው?" አለ ዳይሬክተሩ በድንጋጤ። "ወደ ፊትማ አይሆንም። ወደ ፊት ከገፏት ሙሉ በሙሉ እኛ ዘንድ ገባች። የትምህርት ቦርዱ ጠበቃ ሰኞ ይመጣል።"

"እና ጭቃው ውስጥ ትቅበር?" አለ ዴልማር።

ዴልማር ወደ ኋላው ዞር ብሎ ማሳውን አየ፤ ከጎተራው መንገድ አጠገብ ጠጠር የፈሰሰበት ደረቅ ቦታ አለ። ትራክተሩ ላይ ወጣ። ማንሻው ተነሳ፣ የተጎታቿ የኋላ ጎን ጭቃውን ምጥጥ አድርጎ ወጣ፣ ፊቷም ወረደ፤ ዴልማርም እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይስባት ጀመር። ያቺ ስንዝር የተከለከለች ተጎታች ሁለት ስንዝር ሄደች፣ አንድ ክንድ ሄደች፣ ልጆቹም ክንዱን ሁሉ በጭብጨባ ይቆጥራሉ።

ትዊላ ብረቱን አለቀቀችም። አሁን እግሯ መሬት ነክቷል፤ በሁለት እጇ እንደያዘች ተከትላ ትራመዳለች፣ ቀጥሎ ትሮጣለች። ክሩ እየቀረበ መጣ። ዳይሬክተሩ ከጎኗ እየሮጠ "ልቀቂ፣ ልጄ፣ ወረቀት የለሽም" ይላታል። ብረቱ ክሩን ሲያልፍ ለቀቀችው። የጫማዋ ጫፍ ክሩን ነክቶ ቆመ። ተጎታቿ ሳቋን ይዛ ሄደች፤ ሄዳ ጠጠሩ ላይ ቆመች። ትዊላ እዚያ ክር አጠገብ ቆማ የገዛ አያቷን ማሳ ስታይ፣ ሃያ ሁለት ልጅ እሷ ቤት ነው፣ እሷ የለችም።

ዴልማር ሞተሩ እየሠራ ወረደ። ሰንሰለቱን አየና፣ እንደ ልማዱ፣ ቀና ሳይል ጠራት። "ትዊላ፣ ነይ ይኼን ፍቺልኝ።"

"አልችልም" አለች።

"እጅሽን አመመሽ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስተር ራፕ" አለ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፤ "በትምህርት ሰዓት ልጅ ከግቢ ማስወጣት የሚቻለው በተፈረመ ወረቀት ነው።"

ዴልማር ቀና አለ። "መሬቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ልጅቷስ?"

"የእርስዎ።"

"እና የእኔ ልጅ የእኔን መሬት ለመርገጥ ካንተ ወረቀት ያስፈልጋታል።"

"ከእኔ አይደለም፣ ፈራሚው እርስዎ ነዎት" አለ ዳይሬክተሩ፤ ሰውዬው ሐቀኛ ነበርና ቀጠለ። "ብቻ አሁን በዚህ ሰዓት ያለኝ ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። የሃይማኖቱ። ሰንሰለት ለመፍታት የሚሆን ወረቀት የለንም።"

ከተጎታቿ መስኮት ሃያ ሁለት ፊት ተደርድሮ ያያል። ሚስ ላቮን አፏን በእጇ ይዛለች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። የዴልማር አንገት ከሸሚዙ ክሳድ ጀምሮ ቀላ። ትዊላ ይህን ቅላት ታውቀዋለች፤ የግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የሚመጣ ቅላት ነው። ቤተ ክርስቲያንን ቢጠላም፣ በገዛ መሬቱ ላይ ይህን አድርግ አታድርግ የሚለውን ሰው የበለጠ ይጠላል።

"አምጣው" አለ።

ዳይሬክተሩ ኪሶቹን ዳበሰ፤ የለውም። ወይዘሮ ፌንስለር ግን ከሹራባቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መታጠፊያው አርጅቷል፤ ለካ ሴትዮዋ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይዘውት ይመጡ ነበር። ብዕር የያዘ ሰው አልተገኘም። ትዊላ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እርሳስ ዘረጋች፤ ጫፉ መርፌ ነው።

ዴልማር ወረቀቱን በትራክተሩ ጎማ ላይ አስደግፎ አነበበው። ማንበቡ ረዘመ። ትዊላ ፊቱን ታያለች፤ ቅላቱ እየወረደ ሄደ፣ እሱ ግን ገና ያነባል። አሁን ይተወዋል፣ ዘይት ይጠርግበታል ብላ ጠበቀች። ያኔ ዓይኑን አንስቶ አያት፣ የጫማዋንም ጫፍ አየ፣ ክሩ ላይ ነው፣ አላለፈም። ፈረመ። በዝግታ፣ ሙሉ ስሙን፣ ፊደል ሳያስቀር።

"በይ፣ ሰንሰለቱን" አለ።

"እሱማ አይሆንም" አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ እየሰለለ። "በዚህ ወረቀት የምትሄደው ወደ ትምህርቱ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከሄደች..."

ዴልማር ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ሰጠው። ከዚያ አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ፤ በአፉ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ሰምተሻል" አላት። "ሰንሰለቱን እኔ እፈታዋለሁ። ሂጂ።"

ትዊላ ክሩን ዘለለች። መዝለል አያስፈልግም ነበር፣ ክሩ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ እሷ ግን እንደ አጥር ነው የዘለለችው።

ውስጡ ካሰበችው ያነሰ፣ ካሰበችው የሞቀ ነበር። እርጥብ ካፖርትና ጠመኔ ይሸታል። ጃኒን ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት፤ ኮርዊን የተነከሰ ክንዱን እንደ ኒሻን አሳያት። ሚስ ላቮን ሰዓቷን አየችና ዐሥር ደቂቃ ብቻ እንደቀራቸው፣ ዮናስም እስካሁን ዓሣው ሆድ ውስጥ እንዳለ ተናገረች። እዚያ ሆኖ ጮኸ አለች፤ ከባሕሩ ሥር፣ ከዓሣው ሆድ፣ እስከ ላይ ድረስ እንዲሰማ ጮኸ። "እንደዚያ የሚጮህ ሰው የምታውቁ አላችሁ?"

ከሃያ ሦስት ልጅ አንድ እጅ ወጣ።

"አያቴ አርዲት" አለች ትዊላ።

የሚስ ላቮን ፈገግታ ለአፍታ ቆመ። እሷም በዚያ ቀብር ላይ ነበረች፤ ጫማቸውን ካዩት አንዷ ናት። "ንገሪን" አለች ቀስ ብላ።

ትዊላም መጀመሪያ እየተርበተበተች፣ ከዚያ እየፈጠነች ተናገረች። አርዲት ለምሳ ስትጠራ አያቷ ዴልማር ብቻ ሳይሆን፣ ሦስት እርሻ ወዲያ ያለው ጎረቤትም እጁን ታጥቦ ይመጣ እንደነበር። አንዴ ከበረንዳ ሆና ትዊላን "ካፖርትሽን" ስትላት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ደንግጦ ፍሬን እንደያዘ። በልደቷ ቀን ስትዘፍን ላሞቹ ወተት እንደከለከሉ። ጽጌረዳ ሰው ቢሰጣት ለፍየሏ እንደሰጠችው። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ነው፤ ሚስ ላቮን እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ትጠርጋለች፤ ተጎታቿም በጎማዋ ላይ መናጥ ጀምራለች። ከውጭ የትራክተሩ ሞተር ድምፅ ቀጥ አለ።

"ኬክም ጋግራ አታውቅም" አለች ትዊላ። "አንዴ ብቻ ሞክራ ነበር። አሳማዎቹ እንኳን እንቢ አሉ።"

"ውሻው ነው እንቢ ያለው" አለ ከመስኮቱ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ዴልማር ሰንሰለቱን በክንዱ ጠቅልሎ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወደ እነሱ አያይም፤ ወደ ማሳው ነው የሚያየው።

"አሳማዎቹማ በሉት" አለ። "ሁለት ቀን ታመሙ። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትስቅባቸው ዋለች። ይኼንንም ንገሪያቸው።"

በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ ክሩን ተሻግሮ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ መጣ። ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ደንቡ ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ልጆቹ መመለስ አለባቸው አለ።

ዴልማር ባርኔጣውን ሳያጠልቅ ወደ እሱ ዞረ።

"አንተ ሰው፣ የቆምከው በእኔ መሬት ላይ ነው" አለው። "ልጅቷ ትጨርስ።"

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ተጎታቿን አየ፣ ከዚያ የሚይዘው ቢያጣ ደረጃዋ ላይ ተቀመጠ። ትዊላም ስለ አርዲትና በጩኸቷ ስላባረረችው ቀረጥ ሰብሳቢ መናገር ጀመረች።